በድንበር ላይ የሰፈሩ ንጥረ ነገሮችን አቋም ለማስለየት የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ከ118ቱ የሠንጠረዡ ነዋሪዎች አብዛኞቹ ብረት አስተኔ፣ የቀሩት ኢብረት አስተኔ መሆናቸውን አምነው መታወቂያቸውን በወቅቱ ሲያወጡ፣ ከቦሮን ሥር ተነሥቶ እስከ አስታቲን ጥግ እየተሰበረ በሚወርደው መስመር ግራና ቀኝ የሰፈሩ ጥቂቶች ግን «እኛ ሁለቱም ነን» እያሉ መዝገብ ቤቱን ያስቸገሩ በመሆኑ፤

አንድን ባለጉዳይ በሁለት ፋይል መያዝ ከመደርደሪያው አቅም በላይ ሆኖ በመገኘቱ፤

የሠንጠረዡ አስተዳደር የሚከተለውን አውጇል።

አንቀጽ 1፤ አጭር ርእስ

ይህ አዋጅ «የሜታሎይዶች አቋም ማስለያ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። በሻይ ቤት «ወይ ግባ ወይ ውጣ» እየተባለ የሚጠራው ሕጋዊ አይደለም።

አንቀጽ 2፤ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ በዚህ አዋጅ ውስጥ «ሜታሎይድ» ማለት፦ አርቃቂ ኮሚቴው እዚህ ላይ ሲደርስ ተጨቃጭቆ ተበትኗል። በዓለም ኬሚስቶች ዘንድም ሁሉም የተስማማበት ትርጉም ስላልተገኘ፣ ለጊዜው ቦሮን፣ ሲሊከን፣ ጀርማኒየም፣ አርሴኒክ፣ አንቲሞኒና ቴሉሪየም በስም ተይዘዋል። ሴሌኒየም፣ ፖሎኒየምና አስታቲን አንዱ መጽሐፍ ሲያስገባቸው ሌላው ስለሚያወጣቸው በተጠባባቂነት ይቆያሉ። አሉሚኒየም መስመሩን ተደግፎ ቢኖርም ብረት አስተኔነቱ ስለማያጠራጥር ለምስክርነት ካልሆነ አይጠራም።

አንቀጽ 3፤ ምርመራ

ማንኛውም ተመዝጋቢ በመልኩ አይዳኝም። ይህ የተደነገገው በሲሊከን ምክንያት ነው። ሲሊከን ለምርመራ የቀረበ ዕለት እያብለጨለጨ ስለገባ፣ የበሩ ዘበኛ ብረት አስተኔ መስሎት «ይለፉ ጌታዬ» ብሎታል። መርማሪው እንደ መዳብ ሊጠፈጥፈው በመዶሻ ቢመታው ግን ብትንትኑ ወጥቶ ወለሉን ሞላው። ኤሌክትሪክ ሲሰጠው እንደ መዳብ አያሳልፍ፣ እንደ ድኝ አይከለክል። ክፍሉ እየሞቀ ሲሄድ ደግሞ መዳብ ማስተላለፉ እየደከመው፣ ሲሊከን ጭራሽ እየበረታ ሄደ፤ ሙቀቱ በአተሞቹ ትስስር የተያዙትን ኤሌክትሮኖች እያላቀቀ ስለሚለቅለት ነው። መርማሪው በቃለ ጉባኤው «ግለሰቡ ሲሞቅበት የሚናገር ዓይነት ነው» ሲል አስፍሯል።

አንቀጽ 4፤ ስለ እጅ መንሻ

ማንኛውም ሜታሎይድ ከጎረቤት እጅ መንሻ መቀበል የለበትም። በተጣራ ሲሊከን ውስጥ ከሚሊዮን አተም አንዷ ፎስፈረስ ሆና ብትገኝ እንኳ የሰውየው ጠባይ ይለወጣል። ፎስፈረስ ይዞ ከሚመጣቸው አምስት የውጭ ኤሌክትሮኖች አራቱ ለትስስር ሲውሉ፣ አምስተኛው ሥራ ፈትቶ ይዞራል፤ ኤሌክትሪኩም በእሱ በኩል ያልፋል። ቦሮን በበኩሉ ሦስት ብቻ ይዞ ስለሚገባ ክፍት ቦታ ይተዋል። ጎረቤቱ ወደ ክፍቱ ይዘላል፣ የዘላዩን ቦታ ሌላው ይይዛል፣ ክፍት ቦታው ግን መቼም አይሞላም። (አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች በዚሁ መንገድ እንደሚሠሩ ኮሚቴው ሰምቷል፤ አላመነም።)

አጥፊዎቹ በእስራት እንዲቀጡ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሆኖም ረቂቁ የተጻፈበት ኮምፒውተርም፣ የአባላቱ ስልኮችም፣ የመግቢያ በሩ ካርድ ማንበቢያም እጅ መንሻ በበላ ሲሊከን የሚሠሩ ሆነው ተገኙ። ሲሊከን ለግማሽ ቀን በታገደበት ዕለት ባለጉዳይ ሁሉ «ሲስተም የለም» ተብሎ ተመልሷል፤ ኮሚቴውም ራሱ በሩ ስላልተከፈተለት ውጭ ቆሟል። ለሲሊከን ምሕረት ተደርጓል።

አንቀጽ 5፤ ልዩ ሁኔታዎች

ጀርማኒየም ሳይወለድ መታወቂያ የወጣለት ነዋሪ ነው። ሜንዴሌቭ እ.ኤ.አ. በ1871 ከሲሊከን ሥር ባለው ባዶ ቦታ የአተም ክብደቱ 72 የሚሆን ነዋሪ እንደሚመጣ መዘገበ፤ ክሌመንስ ቪንክለር በ1886 ጀርመን ፍራይበርግ አጠገብ ከወጣ የብር ማዕድን ውስጥ ሲያገኘው ክብደቱ ከተባለው እምብዛም አልራቀም። እንዲህ ያለ ፋይል ያለውን ሰው «ማነህ?» ማለት ነውር ነው። የመጀመሪያው ትራንዚስተርም በ1947 የተሠራው በእሱ ነበር፤ ሙቀት ስላልቻለ ወንበሩን ለሲሊከን ለቋል።

አርሴኒክ በ615 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ሳይቀልጥ ተንኖ ስለሚያመልጥ ያለ አጀብ አይመረመርም። አንቲሞኒ ኦክሳይዱ ከአሲድም ከቤዝም ጋር ስለሚዋዋል ለሁለቱም ወገን ግብር ይከፍላል። ቴሉሪየም የገባበት ሠራተኛ ትንፋሹ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ስለሚል ከባለጉዳይ መስኮት ይነሣል።

አንቀጽ 6፤ የተሻሩ ሕጎች

ማንኛውም ንጥረ ነገር ወይ ብረት አስተኔ ወይ ኢብረት አስተኔ ነው የሚል አሠራር፣ የዚህን አዋጅ መግቢያ ጨምሮ፣ ተሽሯል።

አንቀጽ 7፤ ስለ ቀጠሮ

ለአስታቲን «ነገ ተመለስ» ማለት ክልክል ነው። ከአይሶቶፖቹ ዕድሜ ጠገብ የሚባለው እንኳ በየ8 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ በማግስቱ በሩ ላይ የሚደርሰው ስምንተኛው እጅ ብቻ ነው። ሰባቱ እጅ ፖሎኒየም ሆኖ ስለሚቀርብ አዲስ ፋይል ይከፈትለታል፤ ፖሎኒየም ደግሞ በአንቀጽ 2 መሠረት በተጠባባቂነት ላይ ነው።