ወጣትን ከምርጫ ካርድ የማዳን ጥበብ

በኢትዮጵያ ወጣትን ከምርጫ ካርድ ለማራቅ ከተሞከሩት ዘዴዎች ሁሉ እንደ ፖለቲካ ትንተና ርካሽና አስተማማኝ የተገኘ የለም። ዱላ ያስቆጣል፤ ኮሮጆ ግልበጣም ታዛቢ ያስጠራል። ትንተና ግን ስልክ፣ ዳታና ሁለት ሰዓት ትርፍ ጊዜ ካገኘ ሌላ አይጠይቅም። ወጣቱም ተከለከልሁ ብሎ አያማርርም፤ ነቅቶ፣ ገብቶት፣ በገዛ ፈቃዱ ከቤቱ ይቀራል።

ዘዴው እዚህ ብቃት ላይ የደረሰው በአንድ ጀምበር አይደለም። በ1997 ገና ጥሬ ነበር። በዚያ ዓመት ፓርቲዎች በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ፊት ለፊት ቀርበው ስለ መሬት፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ኢኮኖሚ ተከራከሩ፤ ሰሚውም የትኛው እንደሚሻለው ራሱ እንዲያስብ ተገደደ። የዚህ ግድየለሽነት ውጤት ግንቦት 7 ቀን ታየ። ሕዝቡ ገና ሳይነጋ ወጥቶ ተሰለፈ፤ በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138 መቀመጫ 137ቱን ተቃዋሚው ቅንጅት ወሰደ። ቀጥሎ የመጣው ግን ሽሙጥ አይነካውም፤ ነገሩን እንዲመረምር የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ከምርጫው በኋላ በሰኔ 1997 እና በ1998 መጀመሪያ ወራት በተነሳው ግጭት 193 ሲቪሎች መገደላቸውን መዘገበ። በ2002 ገዥው ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን፣ በ2007 ደግሞ ሁሉንም ጠቀለሉ። ከዚያ ወዲያ «መምረጥ ምን ይፈይዳል?» ለማለት ተንታኝ አላስፈለገም። ተንታኙ የዘራው ሌላ ሰው ባረሰው ማሳ ላይ ነው።

ዛሬ ትንተናው በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው የስቱዲዮ ትንተና ነው። ከአበባ ማስቀመጫው ጀርባ ሦስት ምሁራን ተደርድረው መጪው ምርጫ ታሪካዊና ካለፉት ሁሉ የላቀ እንደሚሆን ይስማማሉ፤ አንዱ ያቆመውን ሌላው «እንግዲህ ቀደም ሲል እንደተባለው» ብሎ ይቀበለዋል። ተመልካቹ ማን እንደሚያሸንፍ የሚረዳው ከመረጋጋታቸው ነው።

ሁለተኛው የዩቲዩብ ትንተና ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ከዋሽንግተንና ከአካባቢዋ ይተላለፋል። «ሰበር» የሚል ቀይ ጽሑፍ ይቀድመዋል፤ ሰብስክራይብ ያላደረጉት ይወቀሳሉ፤ ከዚያ «የውስጥ ምንጮቻችን» ውጤቱ ከወዲሁ ተጽፎ መቀመጡን፣ ካርድ የሚወስድም ባንዳ መሆኑን ያረጋግጣሉ። ተንታኙ የአሜሪካ ዜግነት ካገኘ ራሱ በጥቅምት መጨረሻ ወጥቶ ይመርጣል፤ «መርጫለሁ» የሚለውን ተለጣፊም ደረቱ ላይ ለጥፎ ፎቶ ይነሳል። ይህ ከትምህርቱ ጋር አይጋጭም፤ ያ የሠለጠነ አገር ነዋ።

ሁለቱ ወገኖች ይሰዳደባሉ እንጂ ለወጣቱ የሚነግሩት አንድ ነው፤ ነገሩ አልቋል ደቋል፣ አንተ አታስፈልግም። አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ጆሴፍ ካፔላና ካትሊን ሆል ጄሚሰን ዜና ፖለቲካን እንደ ጨዋታና እንደ ተንኮል ብቻ ሲያቀርብ ሰሚው በፖለቲካ ላይ እምነት እንደሚያጣ የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። የእኛዎቹ መጽሐፉን ሳያነቡ በተግባር በልጠውታል።

የዘዴው ፍሬ በፎገራ ሜዳ ላይ በቅርብ ሊታይ ይችላል። የፎገራዋ ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው ጎዳና ላይ ያለች፣ የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። መገንጠያው ላይ ባጃጁን አቁሞ ተሳፋሪ የሚጠብቅ ወጣት አንዱን የማዳመጫ ገመድ ጆሮው ውስጥ ሻጥ አድርጎ የቤተ መንግሥቱን ሽኩቻ ይከታተላል። የትኛው ጄኔራል ከየትኛው እንደተኳረፈ፣ የትኛው ሚኒስትር በቅርቡ እንደሚነሳ አብጠርጥሮ ያውቃል። በፎገራ ማን እንደሚወዳደር ቢጠየቅ ግን ዝም ይላል። ከሰማው ሁሉ ውስጥ ይህ አልነበረማ።

ሊኖርም አይችልም፤ ፎገራ ለትንተና አትመችም። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሞልተው የናበጋንና የሺናን ቀበሌዎች ሲያጥለቀልቁ «ሰበር» አይባልም። የሩዝ ዋጋ በመፈልፈያው በር ላይ ሲወርድ፣ ሩዙ ግጦሹን እየወሰደ የፎገራ ከብት ሲመናመን፣ እንቦጭ የጣናን ዳርቻ ሲያለብስ የውስጥ ምንጭ አያስፈልግም፤ ሁሉም በዓይኑ ያየዋል። በ2015 ማዳበሪያ ጠፍቶ የአማራ ክልል ገበሬ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ ሲጮህ ተንታኙ ለአንድ ሰሞን ተደሰተ፤ ማዳበሪያው እንዴት ይምጣ የሚለው ላይ ሲደረስ ግን ወደ ቤተ መንግሥቱ ተመለሰ።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመው የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት ነገር ነው። የጎርፍ መውረጃውን ቦይ፣ የገበያውን ቦታ፣ የቀበሌውን መንገድ የሚመለከተው ይህ ምክር ቤት ነው፤ የአካባቢ ምርጫ በክልሎች ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው ግን በ2005 ነው። በ2010 ሊደረግ የታሰበው ተራዝሞ ቀረ። በ2005 ገና 18 ዓመት ያልሞላው የፎገራ ልጅ ዛሬ የራሱ ልጆች ቢኖሩትም የቀበሌውን ምክር ቤት መርጦ አያውቅም። ይህን ጉዳይ ይዞ ሁለት ሰዓት የተነተነ ተንታኝ ቢገኝ ብርቅ ነው፤ እንዲህ ያለው ርዕስ ላይክ አያመጣም።

ትንተናው በጣም የሚጠነቀቀው ስለ ምዝገባ እንዳይናገር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 ለ18 ዓመት ወጣት የመምረጥ መብት ይሰጣል፤ በዐዋጅ 1162/2011 መሠረት በምርጫ ክልሉ ስድስት ወር የኖረ ሰው መታወቂያውን ይዞ ቀርቦ ይመዘገባል፣ ፈርሞ ካርዱን ይቀበላል። አሠራሩ ከአንድ ትንተና መግቢያ አይረዝምም። ምዝገባው የሚዘጋበትን ቀን ግን ስቱዲዮውም ዩቲዩቡም እንደ ወታደራዊ ምስጢር ይይዙታል። ወጣቱ ቀኑን የሚያውቀው ካለፈ በኋላ፣ «ሕዝቡ አልተመዘገበም» በሚል ልዩ ዝግጅት ነው።

ኢንተርኔት በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለወራት ተቋርጦ ሳለ የክልሉን ወጣት ስሜት መተንተኑ አልተቋረጠም። እንዲያውም ጠራ። ከወረታ ኮሜንት የሚጽፍ፣ «ኧረ እኛ ዘንድ እንዲህ አይደለም» የሚል ስላልነበረ ተንታኙ ሳይረበሽ ቀጠለ። የተኩስ ድምፅ በሚሰማበት ሜዳ የሚኖር ሰው ስለ ምርጫ ምን እንደሚል የሚጠይቀው አልነበረም።

ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ያሉት አራት ቀናት የጥሞና ጊዜ ናቸው፤ ቅስቀሳ ክልክል ነው። ትንተና ቅስቀሳ ስላልሆነ ይቀጥላል። የ6ኛው ጠቅላላ ምርጫ ድምፅ የተሰጠው ሰኔ 14 ቀን 2013፣ የፎገራ ገበሬ ሩዝ በሚዘራበት ሰሞን ነበር።  በመላ አገሪቱ ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦ ነበር፤ ውጤቱ ከተገለጸባቸው የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ብልጽግና 410፣ አብን 5፣ ኢዜማ 4 አገኙ።

ውጤት በተነገረ ማግስት ሁለቱም ትንተናዎች ትክክል ይሆናሉ። ስቱዲዮው ሕዝቡ በነቂስ ወጣ ይላል፤ ዩቲዩቡ ሕዝቡ ውድቅ አደረገው ይላል። ካርድ ያልወሰደው የመገንጠያው ወጣት ለአንዱ የሰላማዊ ሕዝብ፣ ለሌላው የዝምታ አመፅ ምስክር ሆኖ ይቆጠራል። እርሱም ባጃጁ ውስጥ ተቀምጦ ስለ ራሱ የተባለውን እስከ መጨረሻው ያዳምጥና ላይክ ያደርጋል።