ሩዙ ቀረ፣ ሥጋው ገባ

«ሁለት አገሮች ነጻ የንግድ ስምምነት ከተፈራረሙ በቃ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ» አለኝ ወዳጄ።

እስቲ ይህን ለሩዝ ንገረው! ደቡብ ኮሪያና አሜሪካ ጁን 30 ቀን 2007 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲፈራረሙ ሩዝ ጭራሹን ከስምምነቱ ውጭ ተደረገ። አሜሪካ ብትጎተጉት፣ ሴኡል ንቅንቅ አላለችም። ከተደራዳሪዎቿ ጀርባ ገበሬ ቆሞ ነበራ!

«ሥጋውስ?»

ሥጋው ገባ፤ ግን እየተለካ ገባ። 40 በመቶ የነበረው የበሬ ሥጋ ቀረጥ በ15 ዓመት ውስጥ በየዓመቱ በእኩል እየተሸረፈ በ2026 ዜሮ እንዲሆን ተጻፈ። ሐንዉ የሚባለውን ያገራቸውን ከብት የሚያረቡት ሰዎች መዘጋጃ ጊዜ አገኙ። ሸማቹም ዝም አላለም። በእብድ ላም በሽታ ስጋት የታገደው የአሜሪካ ሥጋ በ2008 ይገባል ሲባል፣ የሴኡል ሰው ሻማ እያበራ ለሳምንታት አደባባይ ወጣ፤ ዕድሜው ከ30 ወር የበለጠ ከብት ሥጋ እንዳይላክም አስደረገ። አሜሪካ ግን ከሽያጩ አልጎደለባትም፤ በ2021 ብቻ ለኮሪያ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ የበሬ ሥጋ ሸጣለች።

«እንግዲያው ሁለቱም ተጠቀሙ፤ ማን ተጎዳ?»

አውስትራሊያ ተጎዳች፤ ያልፈረመችው! ይህን ነው ብዙ ሰው የማያየው። የአውስትራሊያ ሥጋ ነጋዴ ለኮሪያ ገበያ አዲስ አልነበረም፤ ሥጋውም አልተበላሸም። አገሩ የራሷን ስምምነት ሥራ ላይ ያዋለችው ግን በ2014 መጨረሻ ነበርና በ2015 የአሜሪካው ሥጋ 29 በመቶ ገደማ ሲቀረጥ የሱ ወደ 35 በመቶ ተቀረጠ። አንድ ወደብ፣ አንድ ዓይነት ሥጋ፣ ሁለት ሂሳብ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ አሜሪካ ቀዳሚነቱን ወሰደች። ሁለት ሰዎች ሲጨባበጡ ሦስተኛው ከገበያ እየተገፋ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ጎረቤትህ ሲፈርም «እኔን አይመለከተኝም» አትበል።

«ፓርላማ ካጸደቀው ግን አለቀ፣ ደቀቀ!»

በኖቬምበር 22 ቀን 2011 አንድ የተቃዋሚ እንደራሴ በኮሪያ ምክር ቤት ውስጥ አስለቃሽ ጋዝ አፈነዳ። ድምፁ ተሰጠ፤ 151 ለ7 ጸደቀ። ስምምነቱ ማርች 15 ቀን 2012 ሥራ ጀመረ። አለቀ? አላለቀም። የፒካፕን ታሪክ ስማ።

አሜሪካ ከ1964 ጀምሮ ከውጭ በሚገባ ፒካፕ ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጥላለች። ነገሩ የተጀመረው አውሮፓ በአሜሪካ ዶሮ ላይ ቀረጥ በመጨመሯ ነው፤ የዶሮው ጠብ ተረሳ፣ የመኪናው ቀረጥ ተቀመጠ። ኮሪያ ይህ ቀረጥ እስከ 2021 እንዲነሳላት ተዋዋለች። በ2018 ግን ስምምነቱ እንደገና ተከፈተና ቀኑ ወደ 2041 ተገፋ! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። የትኛው የኮሪያ ፋብሪካ ነው ሃያ ዓመት የሚጠብቅ ማምረቻ የሚተክል? ፒካፑን አሜሪካ ውስጥ ቢሠራው ይሻለዋል፤ ያ ቀረጥ ሲፈለግ የኖረውም ይኸው ነበር።

«የአሜሪካ ንግድ ጉድለት እኮ በዚሁ ስምምነት ነው ያበጠው!»

በቀኑ ተከራከረኝ። አሜሪካ ከኮሪያ ጋር በሸቀጥ ንግድ ያለባት ጉድለት በ2011 13 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ በ2015 28 ቢሊዮን ደረሰ። የኮሪያን የቤት መኪና የሚመለከተው 2.5 በመቶ ቀረጥ የተነሳው መቼ ነው? በ2016! መኪናው ቀረጡን እየከፈለ ነው ገበያውን ያጥለቀለቀው። በአገልግሎት ንግድ ደግሞ የበላይዋ አሜሪካ ናት፤ እሱን ማንም አያነሳልህም።

«እኛ አጎአን በ2022 የተነጠቅነው ስምምነት ስላልነበረን ነው። ቢኖረን ማን ይነካን ነበር?»

ግማሹ እውነት ነው። አጎአ የአፍሪካ ሸቀጥ ከቀረጥ ነጻ እንዲገባ የአሜሪካ ኮንግረስ ያወጣው ሕግ ነው፤ የሰጠ ይነሳል። ኮሪያ ግን ፊርማም፣ ማኅተምም፣ የሁለት ምክር ቤት ድምፅም ነበራት። በ2025 የአሜሪካ መንግሥት በብሔራዊ ደኅንነት ሕግ ስም በመኪናዋ ላይ 25 በመቶ ጣለ፤ በኋላ ተደራድራ 15 በመቶ አስደረገችው። ስምምነቱ አልተሰረዘም፤ እዚያው ተቀምጧል። ይህን የመሰለ ስምምነት ያልነበራት ጃፓን ስንት ተባለች? 15! ቀድሞ የኮሪያ መኪና ዜሮ፣ የጃፓኑ 2.5 በመቶ ይከፍሉ ነበር፤ ያ ብልጫ ባንድ ዓመት ተነነ።

«ታዲያ መፈረም ከንቱ ነዋ?»

አላልኩም! የኮሪያ ሩዝ ቆሟል፣ የአሜሪካ ሥጋ ተሽጧል፤ ሁለቱም በዚያው ወረቀት ነው። ወረቀቱ የያዘው ከፊርማው በፊት የተጮኸለትን ነው። ዝም የተባለለት ነገር ማንም አላስታወሰውም። የስሪት አገር ደንቡንም ተመልከት፦ አብዛኛው ልብስ ከቀረጥ ነጻ ለመግባት ስፌቱ ብቻ አይበቃውም፤ ከክሩ ጀምሮ ከሁለቱ አገሮች በአንዱ የተሠራ መሆን አለበት። ክር ከሌላ አገር እያስመጣ የሚሰፋ ፋብሪካ ቀረጡ ተነሳ ሲባል ቢያጨበጭብ ለሰው ነው ያጨበጨበው።

አገራችን የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ካመለከተችበት ከ2003 ጀምሮ ድርድር ላይ ናት፤ ከአባል አገሮች ጋርም አንድ በአንድ እየተቀመጠች ነው። ለተደራዳሪዎቻችን የምለው ይህ ነው፦ የቀረጥ ሠንጠረዡን ከመፈረማችሁ በፊት በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሌሎቹም ቋንቋዎቻችን አሳትሙት። ዘይት ጨማቂው፣ ወተት አቅራቢዋ፣ ሸማኔው፣ ጫማ ሰፊው የየራሱን መስመር አንብቦ አቤት ይበል። ከተፈረመ በኋላ የሚመጣ አቤቱታ ሠንጠረዡን ለመለወጥ እጅግ ይከብደዋል።