ባለ 85ቱና ባለ 65ቱ

ወዳጄ የሚኖረው ከአደን ነው፤ ጥይት ግን ተኩሶ አያውቅም። ከውጭ ለሚመጡ፣ ፈቃድ ለያዙ አዳኞች መንገድ ይመራል፤ እንጀራው ማየት ነው። የደጋ አጋዘን በኮታ በሚታደንበት በድንድን ጫካ፣ እንግዳው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከፍሎ የሚፈልገው ሸምገል ያለ ወንድ ነው። ሴቷ ቀንድ የላትም፤ ጎረምሳው ደግሞ ገና ነው። ስለዚህ ከማዶ ሸንተረር ሆኖ የቀንዱን ጥምዝና የጫፉን ንጣት ለይቶ «እሱ ነው» ወይም «ተወው» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ለዚህ ተራ ባይኖኩላር አይበቃም፤ በትሪፖድ የሚቆም፣ በአንድ ዓይን የሚታይበት ትልቅ መነጽር ያሻል።

ጥያቄው የቱ ነው። የፊት መስታወቱ ስፋት 85 ሚሊሜትር የሆነው ወይስ 65? የአደኑ ወቅት ሳይገባ መቁረጥ ነበረበት። ጭሮ አጠገብ ያለው ኩኒ ሙክታር የደጋ አጋዘን መጠለያ ስለሆነ አደን የለም፤ ማየት ግን ማንንም አይጎዳም። ሁለቱንም መነጽር ሸክፈን በአውቶቡስ ተነሣን።

መንገዱን ሙሉ ሰበከኝ። «ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ይደርሳል። ይህን የሚያህል እንስሳ ፈረንጅ መዝግቦ ስም ያወጣለት መቼ ይመስልሃል? በፈረንጆች 1910! ሜጀር በክስተን አድኖ ባይወስደው ተመራማሪው ላይዴከር ከየት አግኝቶ ይጽፈው ነበር? መደበቅ የሚችል ፍጡር ነው፤ በትንሽ መነጽር አይገኝም።»

እኔ አጋዘን የማውቀው በድሮው አሥር ሳንቲምና በሲጋራ ፓኮ ላይ ነው። ሁለቱም ላይ ያለ መነጽር ይታያል አልኩት። አልሳቀም።

ከአዋሽ ወዲያ፣ ቆላው መሀል፣ አንድ ኬላ ላይ ወረድን። ፈታሹ ባለ 85ቱን ከቦርሳው መዞ አገላበጠው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሩቅ ማያ መነጽር ነው።»

«የማን ዓይን ነው ይህን የሚያህለው?»

ወዳጄ ጥያቄ ሲቀርብለት መልሱን በቃል ብቻ መተው አይሆንለትም። ትሪፖዱን ዘረጋ። ማያው ወደ ላይ የታጠፈ ዓይነት ስለሆነ ፈታሹ ጉድጓድ ውስጥ እንደሚያይ ሰው አጎነበሰ፤ ወደ መሬት እያየ የአሰቦትን ተራራ ሲያገኘው ደንግጦ ቀና አለ። «አሰቦት ነው?» ያሉ ሁለት እናቶች ከአውቶቡሱ ወርደው ተሰለፉ፤ አንደኛዋ ዓይናቸውን ከማሳረፋቸው በፊት አማተቡ።

ከዚያ ፈታሹ መነጽሩን ከተራራው ወደ መንገዱ አዞረው። ከሚኤሶ በኩል የሚመጣ ሚኒባስ፣ ኬላው ሳይደርስ፣ ራቅ ብሎ ቆሟል።

«አቅርበው!»

ወዳጄ እስከ 60 እጥፍ አቀረበው። ቀትር ነው፤ አየሩ ይፈላል። ሚኒባሱ ይቀልጣል፣ ሰዎቹ ይረዝማሉ፣ ተሸክመው የሚሄዱት ከረጢት ይሁን ሕፃን አይለይም። «በሙቀት ከ30 በላይ መውጣት ትርፉ ድካም ነው፤ መነጽሩ የቱንም ያህል ቢሰፋ የሚንቀጠቀጠውን አየር አያረጋውም» ብሎ ወደ 25 መለሰው። ትምህርቱ ለእኔ ነበር፤ የተጠቀመበት ግን ፈታሹ ነው። ሦስት ሰዎች፣ ሦስት ከረጢት፣ ወደ ቁጥቋጦው።

«አቦ ልጄ፣» አለችኝ በአውቶቡሱ ከጎኔ ተቀምጣ የመጣችው ሴት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ትንሹን ብታወጡለት ምን ነበረበት?» ወዲያው ስልኳን አንሥታ በኦሮምኛ ፈጠን ፈጠን አድርጋ አወራች። «እንዴ! ዞረ!» አለ ፈታሹ ዓይኑን ሳያነሣ። ሚኒባሱ አቧራውን አስነሥቶ ወደ መጣበት ተመለሰ። እህቷ ውስጡ እንደነበረች የነገረችኝ ጭሮ ልንገባ ስንል ነው።

መነጽሩን በስንት ልመና አስመለስነው።

በማግስቱ ወደ በደሳና ገለምሶ የሚወስደውን መንገድ ይዘን ኩኒ ወረድን፤ በቅሎ ተከራይተን ሽቅብ ወጣን። አጋዘን ከጥሻ የሚወጣው ማለዳና ሊመሽ ሲል ነው፤ የመነጽር ስፋት ዋጋ የሚያወጣውም ያኔ ነው። ጀምበር ስታዘቀዝቅ አስታው ዳር አንድ ወንድ ብቅ አለ። እየተቀያየርን አየነው። ወዳጄ ሒሳብ ይወዳል። በ20 እጥፍ ከ85ቱ የሚወጣው የብርሃን ክብ 4 ሚሊሜትር ከሩብ ነው፤ ከ65ቱ 3 ከሩብ። እውነትም 65ቱ ውስጥ ቀንዱ ከጥዱ ግንድ ጋር ሲቀላቀል፣ በ85ቱ ጫፉ ገና ነጭ ነበር። ግን ምን ያህል ቆየ? አንድ ሲጋራ የማያስጨርስ ጊዜ። ከዚያ ሁለቱም ጨለሙ። በ60 እጥፍማ ክቡ በትልቁም አንድ ሚሊሜትር ተኩል አይሞላም፤ በዚያ ሰዓት ቁጥሩ ለጌጥ ነው።

ለእኔ ነገሩ አለቀ። ለዚያች ቅንጣት ጊዜ ብሎ ሁለት ኪሎ መነጽርና እሱን የሚችል ከባድ ትሪፖድ ቀኑን ሙሉ የሚሸከም፣ አጋዘኑ ሲወጣ እንቅልፍ ይወስደዋል።

ወዳጄም ቁልቁል ስንወርድ ተሸነፈ። «65ቱን እይዛለሁ» አለ። ትንሽ ሄዶ ቆመ። «እንግዳው በቅሎ ከተከራየ ግን 85ቱም ይምጣ።»

የበቅሎዋ ባለቤት ሽማግሌ ከፊት ሆነው ልጓሙን ሳብ አደረጉ።

«የመነጽሩ ለብቻው ይከፈላል» አሉ።