«ማን ሞቶ ነው?»

ጎጆ በምትባል ከተማ ዘመድ ያለው ሰው ችግሩ ከስሟ ይጀምራል። «ቅዳሜ ፈቃድ ይሰጠኝ፤ ጎጆ ልሄድ ነው» ብዬ አለቃዬን ብጠይቀው፣ «ጎጆ ልወጣ» ያልኩ መስሎት ተነሥቶ እጄን ጨበጠኝ። ሦስት ልጆች እንዳሉኝ ያውቃል። ምን እንዳሰበ እግዜር ይወቅ። ፈቃዱን ግን በደስታ ፈረመ፤ እኔም አላረምኩትም።

ለማያውቃት፣ ጎጆ በምዕራብ ሸዋ የጀልዱ ወረዳ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በአስኮ ወጥተን፣ ሆለታን አልፈን፣ ጊንጪ ላይ ሌላው ተሳፋሪ ወደ አምቦ ፍል ውሃ ሲያቀና እኛ ወደ ሰሜን ተገንጥለን ሽቅብ እንወጣለን፤ ወደ ብርዱ። ድንችና ገብስ የሚወዱት ዓይነት ብርድ ነው። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸውን የድንች ዝርያዎች፣ እነ ጃለኔንና እነ ጉደኔን፣ ለዘር እያባዙ ለሌላው አገር የሚሸጡ ገበሬዎች የጀልዱ ሰዎች ናቸው። ጋሼ የምላቸው አጎቴም በደህና ጊዜያቸው ከድንቹ ጋር ነበሩ። አሁን ሰማንያን አልፈዋል፤ በስንት እንዳለፉ እሳቸውም መቁጠር ትተዋል። ማሳውን ለልጆቻቸው ለቀው፣ ከተማው ውስጥ መንገድ ዳር ባለች ቤታቸው ደጃፍ ቡሉኮ ተከናንበው ይቀመጣሉ።

ስልክ የደወሉልኝ ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። «እሑድ የእድራችን ስብሰባ ነው። አጀንዳ አለኝ። እስክሪብቶ ይዘህ ና» አሉና ዘጉት።

የአጀንዳው ሥር ያለው አዲስ አበባ ነው። የዛሬ ጥቂት ዓመት ጋሼ ዓይናቸውን ሊታከሙ መጥተው፣ እሑድ ጠዋት መሃል ከተማ ላይ ታክሲው «ከዚህ ወዲያ አይሄድም» ብሎ አወረደን። ጋሼ ዱላቸውን ተደግፈው አስፋልቱን ከዳር እስከ ዳር ቃኙት። አንድ መኪና የለም። ልጆች ጎማ ያለው ጫማ ተጫምተው ይንሸራተታሉ። ጎልማሶች ማንም ሳያባርራቸው ይሮጣሉ። አንድ ወፍራም ሰውዬ መሃል መንገድ ላይ ተጋድሞ እግሩን ወደ ሰማይ ያነሣል፣ ይጥላል።

ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ማን ሞቶ ነው?» አሉኝ በዝግታ።

«ማንም አልሞተም ጋሼ።»

«መንገዱ ተዘግቷል እኮ።»

«የተዘጋው ለሰው ክፍት እንዲሆን ነው።»

አዩኝ። ዓይናቸው ቢደክምም አስተያየታቸው አልደከመም። እኔም ለማስረዳት ብዬ ባሰብኩት መጠን ነገሩን አወሳሰብኩት። ከኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በወር አንድ እሑድ መንገድ ለመኪና እየተዘጋ ሰው እንዲንቀሳቀስበት ተወስኗል፤ ስሙም «መንገድ ለሰው» ይባላል አልኳቸው።

«ድሮስ ለማን ኖሯል?» አሉ።

ለዚህ መልስ ስላልነበረኝ ወደ ውጭ አገር ሸሸሁ። የኮሎምቢያዋ ቦጎታ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ እሑድ እሑድ መንገድ እንደምትዘጋ፣ ከዚያ ዓለም እንደኮረጀ ነገርኳቸው። ጋሼ ትንሽ አሰቡና «ኮሎምቢያ ቡና አለ?» ብለው ጠየቁ። አለ፣ ሞልቶ አልኳቸው። «እንዲያ ነው እንጂ! መንገዱን የዘጉት ቡና ሊጠጡበት ነው» ብለው ነገሩን ዘጉት፤ እንደ መንገዱ።

በጋሼ አገር፣ በእኔም አገር፣ መንገድ የሚዘጋው በሞት ነው። ሠርግም ይዘጋል፤ ግን ሠርግ ቀኑን አስቀድሞ ያስታውቃል፣ ለአላፊ አግዳሚውም ትንሽ ያፍራል። ለቅሶ አያፍርም። ሌሊት ጥሩምባ ይነፋል፤ ሲነጋ የእድሩ ድንኳን ከዚህኛው አጥር እስከዚያኛው አጥር ተጥሏል፤ ገመዱ አንዱ ጫፍ የመብራት ምሰሶ ላይ፣ ሌላው የሰው በር ማጠፊያ ላይ ታስሯል። ፈቃድ የጠየቀ የለም፤ ልጠይቅ ቢልም ፈቃድ ሰጪው ራሱ አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ እየመጣ ነው። ባጃጁም ጋሪውም የጭነት መኪናውም ይደርሳል፣ ይቆማል፣ ጥሩምባ አይነካም። ሾፌሩ ካርታ የያዘውን ሰው «ማን ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል፤ «ነፍስ ይማር» ይላል፤ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ ነው። አገሪቱ ውስጥ ያለ የትራፊክ ፖሊስ ሁሉ ቢሰበሰብ እንዲህ ያለ ሥርዓት አያስከብርም።

(የካርታውን ነገር መቼም ታውቁታላችሁ። ለቅሶ ቤት ካርታ የማይጫወት ሰው ወይ የሟቹ ልጅ ነው፣ ወይ ቀድሞ ተሸንፏል።)

ጋሼን ያበሳጫቸው ይህ ሥርዓት ሳይሆን ቀኑ ነው። በሞታቸው ማግስት አክብሮ የሚመለሰው ባጃጅ፣ ከሞታቸው በፊት ባለው ሳምንት መንገድ ሲያቋርጡ ጆሯቸው ሥር ጥሩምባ እየነፋ በዱላቸውና በእግራቸው መካከል ነው የሚያልፈው። «አሥር ጊዜ ያየኝ ልጅ ነው» አሉኝ። «ስሞት ሞተሩን ያጠፋልኛል። አሁን ፍሬን ቢይዝልኝ ምን አለበት?»

ቅዳሜ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን አጀንዳውን ማርቀቅ ጀመርን። እኔ የከተማ ሰው ነኝና ነገሩን ከሕግ ልነሣ አልኩ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5፣ መንግሥት አረጋውያንን የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን እንደሚንከባከብ ይደነግጋል ብዬ አነበብኩላቸው። ጋሼ «አቅም በፈቀደ» የሚለውን ሁለቴ አስደገሙኝ።

«ይኸ ጥሩ ሰው ነው የጻፈው» አሉ። «እኔም ለቤተ ክርስቲያን ስለት ስሳል እንዲሁ ነው የምለው።»

ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው። ያ መኪና አልባው እሑድ ደግሞ ኅዳር 30። ሽማግሌው በጽሑፍ ከታሰበ ሃያ አራት ዓመት ከአንድ ቀን በኋላ እግረኛው ታሰበ ማለት ነው። ሽማግሌውና እግረኛው አንድ ሰው መሆናቸው ግን ለሁለቱም ቀናት የተነገራቸው አይመስለኝም።

ጡረታ የሚባለውም አለ፤ ለመምህሩ፣ ለፖሊሱ፣ ለጸሐፊው። ድንች የቆፈረ ሰው ግን ከማን ጡረታ ይወጣል? ከድንቹ? በከተሞች ሴፍቲኔት የሚባለው በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር፣ መሥራት ለማይችሉት ቀጥታ ድጋፍ እንዲሰጥ ተደርጎ ነበር፤ መልካም ነገር ነው፣ ጎጆ ግን ከ11ዱ አንዷ አልነበረችም። ክረምት ሲመጣ ደግሞ በየከተማው ወጣቶች የአቅመ ደካሞችን ቤት ያድሳሉ። ይህን እኔ አልቀልድበትም፤ ዝናብ ያፈስባት የነበረች አንዲት እናት ቆርቆሮዋ ሲመታ ሳያት ዓይኔ እንባ አቅርሯል። የምቀልደው በካሜራው ላይ ነው። በበዓል ሰሞን ዘይትና ዱቄት ሲታደል፣ እናቲቱ አምስት ሊትሩን ዘይት እንደያዙ ይቆማሉ። ፎቶ አንሺው «ትንሽ ከፍ ያድርጉት» ይላል። ከፍ ያደርጋሉ። «ፈገግ ይበሉ» ይላል። አምስት ሊትር ዘይት ከፍ አድርጎ ፈገግ ማለት የሚችል ሰው፣ ጎበዝ፣ አቅመ ደካማ አይደለም።

የተባበሩት መንግሥታትም ለሽማግሌ ቀን ሰጥቷል፤ ኦክቶበር 1፣ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 21። ይህን ለጋሼ ብነግራቸው ደነገጡ። «መስከረም 21 ማርያም ናት፤ ግሸን!» አሉ። «የእመቤታችንን ቀን ማን ውሰዱ አላቸው?»

ከዚያ በኋላ ሕጉንም ዓለም አቀፉንም ትተን አጀንዳውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍነው፦ «እድሩ ለእኔ የሚጥለውን የሦስት ቀን ድንኳን አንዱን ቀን አስቀድሞ ይስጠኝ።»

ስብሰባው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሆነ። ክርክሩ በኦሮምኛ ነበርና እኔ ወደ አማርኛ ስመልሰው የጠፋው ቅመም በእኔ ይታሰብ። የእድሩ ዳኛ አጀንዳውን ካነበቡ በኋላ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው እንደገና አነበቡት።

«ድንኳን በሕይወት ላለ ሰው አይጣልም» አሉ።

«ለሙሽራ ይጣላል» አሉ ጋሼ።

«ታዲያ ሊያገቡ ነው?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጋሼ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው ቆሙ። በየወሩ ለዚህ ድንኳን ስንት ዓመት እንደከፈሉ ጠየቁ፤ ገንዘብ ያዡ መዝገቡን ሲያገላብጥ አቧራው ለብቻው አስነጠሰን። «የከፈልኩበትን ድንኳን ከውስጥ ሳላየው ልቀበር ነው» አሉ። «ከሥሩ የተቀመጠው ሁሉ ስለ እኔ ደግ ደጉን ያወራል፤ እኔ የለሁም። ንፍሮው ይበላል፤ እኔ የለሁም። እኔ የምለምነው ብድር አይደለም።»

አንዱ ድንኳኑ ያረጃል አለ። «እኔስ?» አሉ። ሌላው ይህን ከፈቀድን ሁሉም ሽማግሌ ይጠይቃል አለ፤ ከኋላ የተቀመጡት ሽማግሌዎች በአንድነት ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ጥሩምባ ነፊው የሙያ ጥያቄ አነሣ፦ ነፍቶ ምን ብሎ ይጥራ? «እገሌ አረፉ» አይል፤ «እገሌ አሉ» ቢል ደግሞ ለዚህ ማን ከአልጋው ይነሣል?

ዳኛው መልሰው እምቢ ሊሉ ሲሉ ጋሼ የመጨረሻውን ካርታ ጣሉ። የሜጫ ኦሮሞ ሕግ ያወጣበት ኦዳ ቢሲል እዚሁ ምዕራብ ሸዋ ውስጥ መሆኑን አስታወሱ። በገዳ ሥርዓት አባ ገዳ የሚመራው ስምንት ዓመት ነው፤ ስምንት ሲሞላ ያስረክባል፤ ከዚያ በኋላ ምክር ሰጪ ሆኖ ይከበራል። ዩኔስኮ እንኳ ይህን እ.ኤ.አ. በ2016 በቅርስነት መዝግቦታል፤ (የመጨረሻዋን እኔ ነኝ በጆሯቸው ያቀበልኳቸው)። «የእኛ ዳኛ በዚህ ወንበር ስንት ዓመታቸው ነው?» ብለው ወደ ገንዘብ ያዡ ዞሩ።

ገንዘብ ያዡ መዝገቡን ሊገልጥ እጁን ሲዘረጋ ዳኛው ፈጥነው «ለሙከራ አንድ ጊዜ ተፈቅዷል» አሉ። በቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ» ብዬ ጻፍኩ። ድምፅ የሰጠ ሰው አላየሁም።

ድንኳኑ በሚቀጥለው እሑድ ተጣለ። ከደጃፋቸው እስከ ማዶው አጥር። ቡና ተፈላ፤ ሽማግሌዎቹ አግዳሚው ላይ ተደረደሩ፤ ከየቤታቸው ሳይወጡ ስንት ጊዜ እንደቆዩ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ቃለ ጉባኤውን ይዤ ዳር ተቀመጥኩ። እስከ አራት ሰዓት ሰላም ነበር።

አራት ሰዓት ላይ ከገጠር በፈረስ የመጡ አንዲት አክስቴ ድንኳኑን ከሩቅ አይተው ከፈረሱ ሳይወርዱ እሪታቸውን ለቀቁት። ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። ጋሼ ስኒ እንደያዙ ቀና ብለው «ደህና አደርሽ» አሏቸው። አክስቴ ድንጋጤአቸው ባሰ። እንኳን ሊያቆሙ፣ «ይህን ሁሉ መንገድ መጥቼ!» ብለው እንደገና ጀመሩ። ጋሼ ወደ እኔ ዞረው «ተዋት ታልቅስ፤ ተከፍሎበታል» አሉኝ።

ወዲያው ባጃጅ መጣ። ያ ልጅ ነው። ድንኳኑን አይቶ ቆመ፤ ሞተሩን አጠፋ፤ ኮፍያውን አወለቀ። አክስቴን ሰማ። ማን ናቸው ብሎ ሊጠይቅ አጠገቡ ወዳሉት ቡሉኮ የለበሱ ሽማግሌ ጎንበስ አለና ፊታቸውን ሳያይ «ነፍስ ይማር» አለ።

«አሜን» አሉ ጋሼ። «በል አሁን ዞረህ ሂድ።»