የፍስክ ማክሰኞ

ዴልሂ የገባሁት ተዘጋጅቼ ነው። የቢጫ ወባ ክትባቴን ከበረራው 10 ቀን ቀደም ብዬ ተወግቻለሁ፤ ከእኛ አገር ሄዶ የክትባቱን ቢጫ ካርድ ያላሳየ መንገደኛ እስከ 6 ቀን ተገልሎ ሊቆይ ይችላል። ኳስ ሜዳ ላይ ቢጫ ያየ ይጠነቀቃል፤ እዚያ ግን ቢጫ ያላሳየ ነው ቀይ የሚያየው። ሐኪሙም በጣቱ እየቆጠረ መክሮኛል፤ ያልፈላ ውሃ አትጠጣ፣ ራስህ ያልላጥከውን ፍሬ አትብላ፣ በረዶ አትንካ። አንድ ነገር ብቻ ሳይነግረኝ ቀረ፤ እምቢ የሚባለው እንዴት እንደሆነ።

ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ነጭ ጢማቸውን በዘይት ያበጠሩ ሽማግሌ ናቸው። ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ውሃ በብረት ኩባያ ይዘው መጡ። እዚያ እንግዳ መጀመሪያ የሚቀርብለት ውሃ ነው። ከቧንቧ ሲቀዱት በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። «ይቅርብኝ» ማለቱ ሲከብደኝ፣ አገር ቤት ከስንቱ ማዕድ ያስጣለችኝ ቃል ከአፌ አመለጠች።

«ጾም ነኝ።»

ቀኑ ሁዳዴም ፍልሰታም ያልነካው፣ ጥርት ያለ የፍስክ ማክሰኞ ነበር። የሽማግሌው ፊት ግን በራ።

«ለሃኑማን!»

ለካ ማክሰኞ የሃኑማን ቀን ነው፤ ብዙ ሂንዱዎች ይጾሙታል። ሚስታቸውን ተጣሩ። ወዲያው የጾም ምግብ ቀረበ፤ የተከተፈ ፓፓያና አንድ ብርጭቆ ወተት።

«ወተት? ጾም ነኝ እኮ!»

«ስለጾምክ ነዋ ልጄ። እህል አይበላም፤ ወተትና ፍራፍሬ ነው።»

«እኛ ስንጾም ወተት እንተዋለን፣ እህል እንበላለን።»

አተኩረው አዩኝ። «እህል ከበላህ ምኑን ጾምከው?»

«እርስዎስ ወተት ከጠጡ?»

ተፋጠጥን። የእሳቸው ጾም እኔ ዘንድ ፍስክ፣ የእኔም ጾም እሳቸው ዘንድ ፍስክ። ፓፓያውን የላጠው የሰው እጅ ነው፤ ወተቱም ስለመፍላቱ ማስረጃ የለኝም። ስለዚህ በሁለቱም ሥርዓት ጸናሁና ምንም አልቀምስም አልኩ። ክብሬ ጣሪያ ነካ።

ውሃው ግን እጄ ላይ ቀርቷል። ዞር ሲሉልኝ ጠብቄ፣ ግቢው መሀል ማሰሮ ውስጥ የተተከለች ቅጠል ላይ ቀስ አድርጌ ደፋሁት። ቀና ስል ባለቤታቸው መዳፎቻቸውን ገጥመው ቆመዋል፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ቅጠሏ ቱልሲ ናት፤ በሂንዱ ቤት እንደ ቅድስት የምትታይ፣ ውሃ ማጠጣቷ ራሱ ጸሎት የሆነ።

በሦስተኛው ቀን ሆዴ ታወከ። ጥፋቱ የሽማግሌው ውሃ አይደለም፤ በኩራት ያዘዝኩት የታሸገ ኮካ ነው፣ ከነበረዶው። ታዲያ 1 ሊትር ውሃ አፍልተውና አቀዝቅዘው፣ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠው አልጋዬ ድረስ ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1971 ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ከባንግላዴሽ ጦርነት የሸሹትን ስደተኞች ከኮሌራ ያተረፉበት ብጥብጥ የዚሁ ዘመድ ነው።

«ዛሬስ ጾም ነህ?» አሉኝ። ፈገግታቸው ሁሉን ያወቁ አስመሰላቸው። ጨለጥኩት።

ተኝቼ ትዝ ያለኝ ልጅ ሳለሁ ቤታችን የመጣ አንድ ፈረንጅ ነው። እናቴ ጠላ ቀዳችለት። እንደ ጥንቸል ግልገል በሁለት እጁ አቅፎ ያዘው እንጂ አልቀመሰውም። «በሞቴ!» አለችው። እኛ ዘንድ አቅራቢዋ በራሷ ሞት ትምላለች፤ የሚከፍለው ግን የእንግዳው ሆድ ነው። እሱ አማርኛ ባያውቅም ነገሩ የሞት ጉዳይ መሆኑ ሳይገባው አልቀረም። እኔ በበኩሌ ንቆን ነው ብዬ ጥርሴን ነክሼበታለሁ። እሱም ሐኪም በጣቱ ቆጥሮ የመከረው ምስኪን ይሆናል ብዬ ማን ይገምታል?

ጥቂት ቆይቶ ወደ ጓሮ ወጣና ባዶ ብርጭቆ ይዞ ተመለሰ። እናቴ «ጨዋ ልጅ! ጨልጦ ጠጣልኝ» እያለች ዓመት ሙሉ አወራችለት። በዚያው ሰሞን የጓሮዋ ጤና አዳም ጠወለገች። እናቴ እስከ ዛሬ ዓይን ወግቷት ነው ትላለች፤ እኔም ዴልሂ እስክሄድ ድረስ አምኛት ነበር።