የዘንድሮ ጥለት

ጆሮ ላይ ምንም አለማድረግን ሕግ አይከለክልም፤ ዘመድ ግን ይከለክላል። አክስቴ ባዶ ጆሮዬን ባየች ቁጥር «አንቺ ልጅ፣ ሐዘን አለብሽ እንዴ?» ትለኛለች። የልብሱ ነገርማ ይብሳል።

ለአንድ ሠርግ አንድ ዓይነት እንልበስ ተባለና ከአጃቢዎቼ ጋር ሽሮ ሜዳ፣ የባህል ልብስ ገበያ ሄድን። ሻጯ ጥለቱን ክንዷ ላይ ዘርግታ፣ «ይሄ የዘንድሮ ነው» አለች። ያምናውስ? አርጅቷል፤ ሳይለበስም አርጅቷል። የጋሞ ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ ስንት ቀን የደከመበትን ጥበብ፣ እኛ በአንድ ፎቶ እናስረጀዋለን። ኪስ ያለው ቀሚስ ስጠይቅማ ሁሉም ተያዩ።

የመጀመሪያውን ቀሚስ ለክቼ «በቃ፣ ጠቅልይልኝ» አልኳት። አጃቢዎቼ አፈሩብኝ። ሻጯ ግን ሳይከራከር የሚገዛ ሰው አይታ አታውቅም መሰለኝ፣ ደንግጣ ዋጋውን ራሷ ቀነሰችልኝ።