የድመቱ ደራሲነት

የሚሺጋኑ የፊዚክስ ተመራማሪ ጃክ ሄዘሪንግተን ብቻውን የሠራውን ጥናት «እኛ» እያለ ጽፎ ጨረሰው። መጽሔቱ ለአንድ ደራሲ «እኛ»ን እንደማይቀበል ሲነገረው፣ ሙሉውን እንደገና ታይፕ ከመምታት ድመቱን ቼስተርን «ኤፍ. ዲ. ሲ. ዊላርድ» ብሎ ተባባሪ ደራሲ አደረገው። ፊዚካል ሪቪው ሌተርስም እ.ኤ.አ. በ1975 አተመው።

የሙያ ሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ይቆጡ ይሆናል፤ እኔ ግን ለድመቱ ጠበቃ እቆማለሁ። «ስሜ ይግባ» ብሎ ተማሪ አላስፈራራም። ከሠራው ሰው ስም አልቀደመም። ጽሑፉን ቆጥሮ ለፕሮፌሰርነት አላመለከተም፣ የጥናት በጀትም አልተካፈለም። በኅትመቱ ቅጂዎች ላይ እንኳ በመዳፉ ፈርሟል፤ የእኛ አለቃ ስህተት ሲገኝ «እኔ መች አየሁትና!» ነው የሚለው።

ደግሞ ዊላርድ እ.ኤ.አ. በ1980 በስሙ ብቻ አንድ ጽሑፍ ወጥቶለታል፣ ያውም በፈረንሳይኛ። ይህን ያላሟሉ ዲኖች አሉ።